«ልጅ ሆና ይጥላት ነበር»

የፓይለት ሜዲካል (የጤና ብቃት ማረጋገጫ) ፎርም ሞልታችሁ የምታውቁ ሰዎች ያቺን ጥያቄ ታውቋታላችሁ። ባለፉት አምስት ዓመታት አትልም፣ ካደጉ በኋላ አትልም፣ «በሕይወትዎ መቼም ቢሆን» ነው የምትለው፣ ከዛ ዝርዝሩ ይቀጥላል፤ ራስ መሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ የልብ ችግር፣ የጭንቅላት ጉዳት ምናምን ምናምን። እኔ እዛች «መቼም» የምትለው ቃል ላይ ሰባት ወር ተቀርቅሬ ቀረሁ። ያስቀረቀረኝን ነገር ብነግራችሁ ደሞ ትስቃላችሁ፣ ግስ ነው። ሰዋስው ክፍል እያዛጋን የተማርነው ግስ።

ፎርሙን ከመሙላቴ በፊት ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ የሆነውን እኔ ከየት አውቃለሁ።

«እማዬ፣ ሕፃን ሆኜ ከባድ ነገር አሞኝ ያውቃል?»

«ኧረ ምን ነክቶሽ ነው፣ ይጥልሽ አልነበር እንዴ!» አለች፣ ልክ ትናንት የሆነ ይመስል። «ዓይንሽ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ጥርስሽ ግጥም ብሎ፣ እጅሽ እንዲህ እንዲህ ሲል...» በስልክ ነው የምናወራው ግን እጇን እያወዛወዘች እያሳየችኝ እንደሆነ ታውቆኛል።

«ስንት ጊዜ?»

«በዛ ድንጋጤ ማን ይቆጥራል ልጄ። ብቻ ማታ ማታ ሽሮፕ ትጠጪ ነበር፣ የነርቭ ነው ብለውኛል።»

አክስቴን ጠየቅኩ፣ ሦስት ጊዜ ነው አለች። ታላቅ ወንድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማስታውሰው፣ ውሃ አምጣ ተብዬ ባልዲ ይዤ ስሮጥ ግማሹን ራሴ ላይ ደፋሁት አለ። በቃ የቤታችን መዝገብ ይሄ ነው። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ ቁጭ ብዬ «አዎ» የሚለውን ሳጥን ነካሁና ማብራሪያው ጋ «በልጅነቴ የሚጥል በሽታ ነበረብኝ፣ መድኃኒት ወስጃለሁ፣ አሁን ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር። ሰባት ወር የበላችብኝ ይቺ መስመር ናት።

አብረውኝ ሊማሩ የተዘጋጁት ጓደኞቼ ሲሰሙ ጮሁብኝ። የአንድ ዓመት ልጅ ሆነሽ የሆነውን ማን ያውቅብሻል፣ ዝም ብለሽ «አይ» በይ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው። እዚ ላይ አቋሜን ልናገር፣ አሁንም ቢሆን ብዋሽ ይሻለኝ ነበር አልልም። አሜሪካ ውስጥ ፎርሙ ላይ አውቆ መዋሸት እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ሊያመጣ የሚችል የፌዴራል ወንጀል ነው፣ በፈረንጆቹ 2023 ላይ ደሞ የአሜሪካው አቪዬሽን መስሪያ ቤት ኤፍኤኤ ለቀድሞ ወታደሮች የጉዳት ድጎማ አንድ ነገር ለሜዲካል ደሞ ሌላ ነገር ተናግረዋል ተብለው የተጠረጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የቀድሞ ወታደር ፓይለቶችን ሲመረምር እንደነበር ወጥቷል። ሌላም ሀገር ቢሆን በውሸት የተገኘ ሜዲካል እውነቱ የወጣ ቀን ይሰረዛል፣ ያኔ አስር ዓመት የሰራሽበት ፈቃድ ነው አብሮ የሚሄደው። በፈረንጆቹ ማርች 24፣ 2015 ላይ የጀርመንዊንግስን አውሮፕላን ከ150 ሰው ጋር ፈረንሳይ ተራራ ላይ ሆን ብሎ የከሰከሰው ረዳት አብራሪ የአእምሮ ሕመሙን ደብቆ ነበር የሚሰራው፣ ከዛ ወዲህ ሐኪሞቹ የምትነግሪያቸውን በሌላ ጆሮ ነው የሚሰሙት። የልጅነት ትኩሳት ከዛ ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም፣ ግን ጠያቂው ለምን አፍንጫው እንደተነፋ ይገባኛል። እኔ የተሳሳትኩት እውነት በመናገሬ ሳይሆን እውነቱ ምን እንደሆነ ሳላጣራ በመናገሬ ነው።

የምርመራው ቀን ግማሹ በጥሩ መንፈስ ነው ያለፈው። መነጽሬን አድርጌ ሰሌዳውን አነበብኩ (ለክላስ ዋን፣ ማለት ለንግድ በረራ ፓይለት ደረጃ፣ በመነጽርም ቢሆን እያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 መድረስ አለባቸው)፣ ኢሺሃራ የሚባሉትን ነጠብጣብ ውስጥ የተደበቁ ቁጥሮች አንድ በአንድ ጠራሁ፣ ድምፅ የማያስገባ ሳጥን ውስጥ ገብቼ «ቲት» ባለ ቁጥር ቁልፍ ተጫንኩ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሳሁ። ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው፣ እያፏጩ ነበር የሚሰሩት። ከዛ ፎርሙን ሲያገላብጡ እዛች መስመር ላይ ሲደርሱ ፉጨቱ ቆመ።

«ኤፒለፕሲ፣ የሚጥል በሽታ ነው ያለሽ ሐኪም ማነው?»

«ሐኪም እንኳን... እናቴ ናት የነገረችኝ።»

«እናትሽ ኒውሮሎጂስት፣ የነርቭ ሐኪም ናቸው?»

«አይ፣ አስተማሪ ናት።»

መነጽራቸውን አወለቁና «ቃል በቃል ምን አሉሽ? ይጥልሽ ነበር ነው ያሉሽ ወይስ ጥሎሽ ነበር?» አሉኝ።

በሕይወቴ ሐኪም ሰዋስው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው። ግን አስቡት፣ «ጥሏት ነበር» አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው፣ «ይጥላት ነበር» ግን እየደጋገመ የሚመጣ ነው። ለሐኪም በነዚ ሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ኤፒለፕሲ የሚባለው በአብዛኛው እንደ ትኩሳት ያለ ቀስቃሽ ሳይኖር ሁለትና ከዛ በላይ ጊዜ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ ሲመጣ ነው። በትኩሳት ምክንያት የሚመጣው ደሞ ሌላ ስም አለው፣ ፌብራይል ሲዠር፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ከመቶው ከ2 እስከ 5ቱን የሚያጋጥም በጣም የተለመደ ነገር ነው። ሰውነት በሙሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ከ15 ደቂቃ በታች ሲቆይና በ24 ሰዓት ውስጥ ካልደገመ ቀላሉ ዓይነት ይባላል፣ አብዛኞቹ ልጆች ያድጉና እዛው ይቀራል። እናቴ የምታውቀው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ልጅ ዓይኑ ከተገለበጠ «ጣለው» ነው በቃ። እኔ ደሞ የእናቴን ቃል ወስጄ ሕክምናዊ ስም አለበስኩት።

«ታዲያ ይሰርዙልኛ» አልኳቸው። ሳቁ። አንዴ የገባ ፎርም አይሰረዝም፣ አይታረምም፣ ማብራሪያ ነው የሚጨመርበት። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአይካኦ አኔክስ 1 ላይ፣ ምዕራፍ 6፣ አመልካቹ የኤፒለፕሲ ታሪክ ወይም ምርመራ ሊኖርበት አይገባም ብሎ በግልጽ ተቀምጧል፣ ስለዚ ያንን ቃል እያዩ እሳቸው በራሳቸው ፊርማ ሊሰጡኝ አይችሉም፣ ወደ ፈቃድ ሰጪው መስሪያ ቤት የሕክምና ክፍል መላክ ነው ያላቸው አማራጭ። መጀመሪያ ፎርም ሳትሞዪ ለምክር ብቻ ብትመጪ ኖሮ ይሄን ሁሉ አስር ደቂቃ ውስጥ እንጨርሰው ነበር አሉኝ። እንደዛ መምጣት እንደሚቻል እኮ አላውቅም ነበር! እናንተ ግን አሁን አወቃችሁ፣ የልጅነት ታሪክ ያላችሁ ሰዎች መጀመሪያ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ለምክር ሂዱ፣ ፎርሙ ይቆይ። የትምህርት ቤት ክፍያም ይቆይ፣ ክላስ ዋን እጃችሁ ሳይገባ ለበረራ ስልጠና ገንዘብ አትልቀቁ።

(ክላስ ስል፣ በአይካኦ አጠራር ክላስ ዋን ለንግድ በረራ ፓይለት፣ ክላስ ቱ ለግል አብራሪ፣ ክላስ ስሪ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነው። አሜሪካኖቹ ጋ ግን ሦስተኛው ክላስ የግል አብራሪው ነው። የምታነቡት ነገር የየትኛው እንደሆነ እዩ፣ እኔ በዚ አንድ ሳምንት ተምታቶብኝ ነበር።)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኢሜይል መጣ። የሚፈልጉት፤ የዛን ጊዜው የሕክምና መዝገብ፣ የኒውሮሎጂስት ሪፖርት፣ እንቅልፍ ተነፍጎ የተነሳ ኢኢጂ (የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ)። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ገንዘብና ጊዜ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ሀያ ምናምን ዓመት ወደኋላ ሄዶ ወረቀት መፈለግ ነው።

ያኔ የታከምኩበት ክሊኒክ ደወልኩ፣ ባለቤቱ ተቀይሯል፣ የድሮ ካርዶች ዓመታቸው ሲያልፍ ተወግደዋል ተባልኩ። ይሄን ራሱ በጽሑፍ ስጡኝ ብዬ ለማስጻፍ አራት ጊዜ ተመላለስኩ (አስጽፉት፣ «የለም» የሚል ደብዳቤም ማስረጃ ነው፣ ፈልጌ አጣሁ ከማለት ይሻላል)። እናቴ የክትባት ካርዴን አወጣች፣ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የማይነበብ ነገር አለ፣ «ፌኖ» የምትል ቃልና ቀን። እሱን ሳይ ይባስ ፈራሁ፣ ፌኖባርቢታል እኮ የታወቀ የኤፒለፕሲ መድኃኒት ነው። ነርቭ ያለችው እውነቷን ነው ማለት ነው። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አባዬ ነው ያዳነኝ፣ እሱም ሳያስበው። አባዬ ወረቀት አይጥልም፣ የዛሬ ሰላሳ ዓመት የገዛው ሬድዮ ዋስትና ሁሉ አለው። ይሄን ሁሉ ወር ዝም ብሎ ሲያየን ከርሞ አንድ እሁድ «ያኔ እኮ ከስራ ቀርቼ ነበር» አለ። ከስራ የቀረበትን ቀን ለአለቃው ለማስረዳት ከሆስፒታሉ ወረቀት አጽፎ ነበር፣ ዋናውን ለመስሪያ ቤቱ ሰጥቶ የካርቦኑን ኮፒ እሱ አስቀርቷል። ከደመወዝ እንዳይቆረጥበት ያጻፈው ወረቀት! አራት ቦታ የታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ የተበጣጠሰ፣ ሰማያዊው ካርቦን ፈዝዞ ወይን ጠጅ የመሰለ ቁራጭ ነው። መስኮት ጋ ወስጄ በስልኬ መብራት አነበብኩት። ዕድሜ 1 ዓመት ከ4 ወር። ሙቀት 39.7። የቶንሲል ኢንፌክሽን። መላ ሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ከ5 ደቂቃ በታች፣ አንድ ጊዜ። ለአንድ ሌሊት ተኝታ ታይታለች። መድኃኒት ታዞላታል፣ ከስድስት ወር በኋላ ትታይ።

አንድ ጊዜ። ሦስትም አይደለም፣ «ይጥላት ነበር»ም አይደለም። ወንድሜ ከነባልዲው ልክ ነበር።

ኒውሮሎጂስቷ ወረቀቱን አይታ ስለ ፌኖባርቢታሉ ስጠይቃት ብዙም አልገረማትም። ድሮ በትኩሳት ለተንቀጠቀጡ ልጆች እንዳይደግማቸው ብለው ያዙት ነበር፣ አሁን ለቀላሉ ዓይነት አይመከርም፣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል፣ ልጆቹን ይረብሻቸዋል አለችኝ። ማለት መድኃኒቱን መውሰዴ ኤፒለፕሲ ነበረብኝ ማለት አይደለም። ይሄን ቁጭ ብላ በደብዳቤው ውስጥ እንድታስገባው ለመንኳት፣ ምክንያቱም መድኃኒቱን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። እዚ ላይ የምነግራችሁ፣ «ተመርምራ ጤነኛ ሆና ተገኝታለች፣ ማብረር ትችላለች» የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም፣ ማብረር ትችላለች አትችልም የሚለው የመስሪያ ቤቱ ስራ ነው፣ ከሐኪማችሁ የሚፈልጉት ሌላ ነው፤ መቼ ሆነ፣ ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን ቀሰቀሰው፣ መድኃኒቱ መቼ ቆመ፣ ከዛ ወዲህ ተደግሟል ወይ፣ አሁን የነርቭ ምርመራው ምን ይላል፣ ወደፊት የመደገም ዕድሉ ስንት ነው። እኔ ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የሄድኩት፣ አልተቀየመችም፣ እንዲያውም ቀለለኝ አለች።

ኢኢጂው ደሞ ራሱን የቻለ ቲያትር ነው። ሌሊቱን አትተኚ ተብዬ እስከ ንጋት ከወንድሜ ጋር ካርታ ተጫወትን፣ ጠዋት ዓይኔ ተንጠልጥሎ ሄድኩ፣ ባለሙያዋ ጭንቅላቴን በሜትር ለክታ በእርሳስ ምልክት አደረገችና ሃያ ምናምን ሽቦ በሆነ ቀዝቃዛ ጄል ለጣጠፈችብኝ። ከዛ ሦስት ደቂቃ ሙሉ በጥልቀትና በፍጥነት ተንፍሺ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ። ከዛ የተዘጋ ዓይኔ ፊት መብራት ብልጭ ድርግም፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ። ከዛ «በይ አሁን ተኚ»። መተኛትማ ማን ይከለክለኛል፣ ስታንኳርፊ ነበር አለችኝ በኋላ። ጄሉ ከፀጉሬ እስኪለቅ ሦስት ቀን ፈጀ።

ኒውሮሎጂስቷ የጻፈችው ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ከዛ በኋላ ነው፣ ሐኪሙ ናቸው ያስረዱኝ፣ እኔ በጣም ስለወደድኩት ላካፍላችሁ። የአቪዬሽን ሕክምና ውስጥ የአንድ ፐርሰንት ሕግ የሚሉት አለ። አንድ ፓይለት በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ በድንገት ራሱን የመሳት ወይም ከጥቅም ውጪ የመሆን ዕድሉ ከ1 ፐርሰንት በታች ከሆነ ሁለት አብራሪ ባለበት አውሮፕላን ተቀባይነት አለው ነው ነገሩ። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው፣ በግርድፉ አስር ሺህ በሉት፣ አንድ ፐርሰንቱን ለአስር ሺህ ስታካፍሉት በሰዓት ከሚሊዮን አንድ ይመጣል፣ ከጎን ደሞ ሌላ ፓይለት አለ፣ ክፉው ሰዓት ደሞ መነሳትና ማረፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጊዜ ናት፣ እያለ እያለ አደጋው በጣም ትንሽ ይሆናል። ሁሉም ሀገር ቁጥሯን እንደ ሕግ አይከተላትም፣ ግን አስተሳሰቡ ይሄ ነው። ማለት «ታመሽ ታውቂያለሽ ወይ» የሚለው ጥያቄ መግቢያው ብቻ ነው፣ ዋናው «ነገ ስንት ነው» የሚለው ነው። የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጅ ሆና በትኩሳት አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጣ ከዛ ከሀያ ዓመት በላይ ምንም ያልሆነች ሰው ከመንገደኛው ብዙም አትለይም። ኤፍኤኤ እንኳን ከ5 ዓመት ዕድሜ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ ካልተደገመና መድኃኒት ካቆሙ 3 ዓመት ካለፈ መርማሪው ሐኪም ራሱ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ራሱ! እዛው ክፍል ውስጥ! እኔ ያንን ቃል ባልጽፍ ኖሮ...

ሌላ የልጅነት ታሪክ ያላችሁም ነገሩ ተመሳሳይ ይመስለኛል። አብሮኝ የተመረመረ ልጅ አስም ነበረበት፣ የሳንባ አቅም ምርመራና የመጨረሻው ጊዜ መቼ እንደታመመ ነው የጠየቁት። ልቧ ላይ የነበረ ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና የተዘጋላት አንዲት ልጅ ደሞ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እና የልብ ምት ክትትል አሰርታ ነው ያመጣችው። ተንኮለኛው ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ነው፣ አስተማሪ «ይቅበጠበጣል» ብሎ ልኮት በአስር ደቂቃ የተሰጠ ስም ሀያ ዓመት ተከትሎ ይመጣል፣ ኤፍኤኤ በፈረንጆቹ 2023 ላይ ያመጣው ፈጣን መንገድ ራሱ ባለፉት 4 ዓመታት መድኃኒትም ምልክትም ያልነበረባቸውን ነው የሚያስተናግደው። ልጃችሁ ላይ ስም ሲለጠፍ በምን ተመስርቶ እንደሆነ ጠይቁ እንጂ ሕክምናውን ከልክሉት አላልኩም፣ እንዳትሰሙኝ እንደዛ።

ሁሉን አስገብቼ አስራ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ዝምታ። በየቀኑ ኢሜይሌን ስከፍት የማገኘው የሽያጭ ማስታወቂያ ነው። አብረውኝ የጀመሩት ለብቻቸው በረሩ፣ ፎቶ ላኩልኝ፣ ልብ ላይክ አደረግኩና ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ከዛ አንድ ማክሰኞ፣ ልብስ እያጠብኩ፣ እጄ አረፋ ሆኖ፣ ወንድሜ ነው ያነበበልኝ። ክላስ ዋን፣ ከሌላ አብራሪ ጋር ብቻ ታብርር የሚል ገደብ የሌለበት። ያለችው ገደብ አንዲት ናት፣ የርቀት መነጽር ታድርግ። አባዬ ወረቀቱን መልሺልኝ አለ፣ ቦታዋ ፋይሉ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ለማደስ ሄድኩ፣ ክላስ ዋን 12 ወር ብቻ ነው የሚቆየው። ጥያቄዋ እዛው ናት፣ «መቼም ቢሆን»። «አዎ» አልኩና «ከዚህ በፊት የተገለጸ፣ ለውጥ የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ እያፏጩ አለፏት። እሷን ካለፍኩ ማን ይነካኛል ብዬ ዘና ብዬ ስቀመጥ፦

«መለዋወጫ መነጽርሽስ?»

«የምን መለዋወጫ?»

«ፈቃድሽ ላይ መነጽር ካለ ስታበሪ ሁለተኛ መነጽር ቅርብሽ መኖር አለበት። አላነበብሽውም?»

አላነበብኩትም። ፉጨቱ እንደገና ቆመ። ሐሙስ መነጽሩን ይዤ እመለሳለሁ።